በሩቅ እሳት የሞቀው ሰው፦ ስለ እንጦጦ ብርድ፣ ስለ ውርርድና ስላልተከፈለ የማገዶ ዋጋ

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን የተዘረጋው የእንጦጦና የየካ ተራራ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወቀው በቤተ መንግሥቱ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱና በባሕር ዛፉ ቢሆንም፣ በተረት ዓለም ይህን አካባቢ ከአገር ውጭ ጭምር ያስጠራው ብርዱ ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሃሮልድ ኩርላንደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ኤርትራ ውስጥ ጉራዕ በተባለው ስፍራ በነበረ የአውሮፕላን ጥገና ጣቢያ ሠርቶ ነበር፤ እሱና የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ የነበረው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የተረት መድበል ውስጥ የተካተተውና ለመጽሐፉም ርእስ የሆነው ታሪክ፣ በአዲስ አበባ ተጀምሮ በሱሉልታ ተራራ ላይ የሚፈጸም የአንድ ሌሊት ውርርድ ነው። ተረቱ ለልጆች የፍትሕ ትምህርት ተደርጎ በብዙ አገሮች ትምህርት ቤቶች ሲነበብ የኖረ ሲሆን፣ የውስጥ አመክንዮው ግን በሕግ፣ በሙቀት ሳይንስና በማገዶ ዋጋ ተራ በተራ ሲመዘን ከአንድ በላይ ቀዳዳ ይገኝበታል።

የታሪኩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር የመጣ አርሃ የሚባል ወጣት፣ ሀብት ከመሰብሰቡ የተነሣ የሚያስደንቀው ነገር ላለቀበት ሀብቶም ሀሰይ ለተባለ ነጋዴ ያገለግላል። ነፋስ በሚነፍስበት አንድ ሌሊት ጌታው ለምድጃው እንጨት እንዲያመጣ አርሃን ካዘዘ በኋላ፣ ሰው ምን ያህል ብርድ ሊችል እንደሚችል ያሰላስል ይጀምራል፤ ከዚያም በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ምግብ፣ ያለ ልብስ፣ ያለ ብርድ ልብስና ያለ እሳት አንድ ሌሊት ቆሞ ላደረ 10 ኤከር የእርሻ መሬት ከቤትና ከከብት ጋር እሰጣለሁ ይላል። አርሃ የአገሩ ሰው የሆኑ አንድ ሽማግሌን ያማክራል፤ ሽማግሌውም ከሸለቆው ማዶ ባለ ዐለት ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት እንደሚያነዱለትና እሱም ዓይኑን ሳይነቅል ያንን እሳት እየተመለከተ እንዲያድር ይመክሩታል። ልጁ በሕይወት ያድራል፤ ነገር ግን እንዴት እንደቻለ ሲጠየቅ እሳቱን ማየቱን በቅንነት ስለሚናገር፣ ነጋዴው «ያለ እሳት» የሚለው ግዴታ ፈርሷል ብሎ ይከለክለዋል፣ ዳኛውም ይህንኑ ያጸናል። በመጨረሻ ኃይሉ የተባለ ባለ ማዕረግ ሰው ዳኛውንና ነጋዴውን ግብር ጠርቶ የምግብ ሽታ ብቻ ያቀርብላቸዋል፤ ምግቡ የት አለ ሲሉትም እሳትን ማየት ካሞቀ ሽታም ያጠግባል ይላቸዋል፤ በዚህም ፍርዱ ይቀለበሳል።

የዘመኑ አንባቢ በመጀመሪያ የሚገረመው አንድ ጌታ ከአሽከሩ ጋር በሰው ነፍስ መወራረዱና ዳኛው ይህን ነውር አለማለቱ ሲሆን፣ የአሮጌውን የሙግት ሥርዓት ለሚያውቅ ግን የዳኛው ዝምታ እንግዳ አይደለም። በጥንታዊው የተጠየቅ ሙግት፣ ማለትም ተከራካሪዎች ቆመው በዜማ፣ በቅኔና በዘንግ ምልክት እየተጠያየቁ በሚረቱበት ክርክር፣ ውርርድ የችሎቱ የዘወትር ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን የማስረጃ መሣሪያም ነበር፤ አንዱ ወገን የተናገረው እውነት እንደሆነ ለማጽናት በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረድ ነበር፣ የተረታውም የተወራረደበትን ለዳኛው ያገባ ነበር። በጉዞ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር በዛፍ ሥር ዳኛ ሆኖ እንዲያይ ሊለመን ይችል ነበር፤ ባለዕዳና ባለገንዘብም ቁራኛ ሆነው፣ ማለትም በኩታቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ከዳኛ ዘንድ ይቀርቡ ነበር። ከውርርድ ገቢ የሚያገኝ ዳኛ ውርርድን በመርሕ ደረጃ ይነቅፋል ብሎ መጠበቅ ከብት ነጋዴ ሥጋ መብላትን እንዲያወግዝ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ተረቱ አርሃ በበኩሉ ምን እንዳስያዘ በግልጽ አይናገርም፤ ያስያዘው ሕይወቱን እንደሆነ ከታሰበ ደግሞ ቢረታ ኖሮ ውርርዱን የሚከፍል ሰው በሕይወት አይገኝም ነበርና፣ ነጋዴው በሥራው ከተነገረለት ስም በታች የሆነ ስሌት ሠርቷል ማለት ነው፤ ቢያሸንፍ የሚያተርፈው የአሽከር ቀብር ብቻ ነው።

ጉዳዩ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቢታይ የሁለቱ ጠበቆች መደብ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የነጋዴው ጠበቃ፣ የውል ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛ በትርጓሜ ስም ከዚያ ሊወጣ አይችልም የሚለውን ቁጥር 1733 ይይዛል፤ የአርሃ ጠበቃ ደግሞ ውል በቅን ልቦና፣ በተዋዋዮች መካከል ሊኖር በሚገባው መተማመን ሊተረጎም ይገባል የሚለውን ቁጥር 1732 ያነሣል። ክርክሩ ያን ጊዜ የሚጠበው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ «ያለ እሳት» ማለት እሳት ሳይሞቅ ነው ወይስ እሳት ሳያይ? ሁለተኛው ትርጉም ከተያዘ አርሃ ከሰማይ ያሉትን ከዋክብት ሁሉ ማየት አይፈቀድለትም ነበር፣ ምክንያቱም ፀሐይና ከዋክብት ከሽማግሌው ደመራ እጅግ የበለጡ እሳቶች ናቸው፤ ውርርዱም በዓይነ ስውር ወይም በደመና ሌሊት ካልሆነ በስተቀር ከመጀመሪያው የማይቻል ሁኔታን የያዘ ፈራሽ ውል ይሆናል።

ዳኛው የበየነው በሕግ ሳይሆን በሙቀት ሳይንስ ስለሆነ፣ ብያኔውን በዚያው መለኪያ መመርመር ተገቢ ነው። እሳት ከሩቅ የሚያሞቀው በጨረር ነው፤ የጨረር ኃይል ደግሞ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር በአራት እጅ ይቀንሳል። ተረቱ የሸለቆውን ስፋት ስለማይገልጽ ለነጋዴው እጅግ ቸርነት አድርጎ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ እሳቱም 20 ኪሎ ዋት የሚያወጣ፣ ማለትም ሃያ የሚሆኑ የቤት ውስጥ ማሞቂያዎችን የሚስተካከል ጥሩ ደመራ ይሁን፣ ከዚህም ውስጥ 6 ኪሎ ዋት ያህሉ በጨረር መልክ ይውጣ። ይህ ኃይል በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲበተን ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ በቆመው ልጅ ገላ ላይ የሚያርፈው የአንድ ዋት ሦስት ሺህኛ ክፋይ ነው፤ የቆመ ሰው ሰውነት ራሱ ሳይንቀጠቀጥ እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ስለዚህ አርሃ ያን ሌሊት ከእሳቱ ካገኘው ሙቀት ከራሱ ገላ ያገኘው 300,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ይህ ማለት ዳኛው ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ እሳቱ ሙቀት ሰጥቷል፣ ያውም በቁጥር የሚነገር ሙቀት ሰጥቷል። ስሕተቱ ያለው ከሽልማቱ ላይ ያንኑ ያህል ቀንሶ የቀረውን እንዲከፈል አለማዘዙ ነው። 10 ኤከር ከ40,000 ካሬ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ መሬት፣ በአሮጌው አለካክም 40 ሄክታር ያህል ከሆነው አንድ ጋሻ አንድ አሥረኛው ነው፤ ከዚህ ላይ 300,000ኛው እጅ ሲቀነስ ለነጋዴው የሚመለሰው 0.13 ካሬ ሜትር፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጎን 37 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አንድ ሰው ሁለት እግሩን ገጥሞ የሚቆምበት ቦታ ይሆናል። ዛሬ ከዚሁ ሰንሰለት ተራራ ግርጌ በስተ ምሥራቅ በተስፋፋው በአያት ሰፈር፣ መሬትና ቤት በካሬ ተመንዝሮ በሚሸጥበትና ግማሽ ካሬ እንኳ ጎረቤት ከጎረቤት በሚያካስስበት አካባቢ፣ ይህ ስሌት ከቀልድነት ይልቅ ለግልግል የሚመች መስሎ ሊታይ ይችላል።

የብርዱን ጉዳይ በሚመለከት ግን ተረቱ አላጋነነም። የቀላል ባቡሩ የምሥራቅ መጨረሻ ፌርማታ ያለበት አያት ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ የእንጦጦ ከፍታ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ አየር በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር አያት ላይ ጋቢ የሚያስደርበው ሌሊት ተራራው ላይ ሣሩን በውርጭ ነጭ አድርጎት ያነጋል። ሱሉልታ ራሱ ዛሬ የሚታወቀው በተራራነቱ ሳይሆን ከእንጦጦ ጀርባ በተንጣለለው መስኩ ነው፤ የረጅም ርቀት ሯጮች ገና ጎሕ ሲቀድ በዚያ ብርድ ውስጥ ሲሮጡ ይታያሉ፣ ሀብቶም ሀሰይ በከፍተኛ ዋጋ ሊያስፈጽመው የፈለገውንም ነገር በፈቃዳቸውና ከነቁምጣቸው ይፈጽሙታል።

ተራራው ሰው የማያሳድር መሆኑን ደግሞ ከማንም ቀድሞ የመሰከረው ራሱ ቤተ መንግሥቱ ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ የተከሉት፣ ቦታው ለጠላት የማይመችና የቀደሙ ነገሥታት ፍርስራሽ የተገኘበት ስለነበረ ነው፤ ይሁን እንጂ ንፋሱ፣ ብርዱና የማገዶ ችግሩ ሠራዊቱንም ወይዛዝርቱንም ስላስመረረ፣ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ መታጠብን ከለመዱ በኋላ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ሕዝቡ ወደ ሙቀቱ ቢወርድም ማዕረጉ ግን ለጊዜው ተራራው ላይ ቀርቶ ነበርና፣ ምኒልክ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ስለዚህ በአንድ ሙሉ ቤተ መንግሥት ላይ የተፈተነውን ብርድ አንድ ራቁቱን የቆመ አሽከር እንዲችለው ማስወራረድ የነጋዴውን ጭካኔ እንጂ የመረጃ እጥረቱን አያሳይም።

ታሪኩ የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑ የተረት ተመራማሪዎች ቀድሞ የደረሱበት ነው። ፊንላንዳዊው አንቲ አርኔ እ.ኤ.አ. በ1910 የጀመረው፣ አሜሪካዊው ስቲዝ ቶምሰን ያስፋፋውና ጀርመናዊው ሃንስ-ዮርግ ኡተር እ.ኤ.አ. በ2004 ያደሰው የተረት ዓይነቶች መዝገብ፣ ማለትም በዓለም ላይ የሚመሳሰሉ ተረቶችን በቁጥር የሚመድብ ዝርዝር፣ ከእሳት ርቆ መሞቅን ወይም ምግብ ማብሰልን የሚተርኩትን በ1262 ቁጥር ሥር ያስቀምጣቸዋል። በቱርኮች ዘንድ በብርድ ውጭ ያደረውና በሩቅ የሻማ ብርሃን አይተሃል ተብሎ የተረታው ራሱ ናስረዲን ሆጃ ሲሆን፣ እሱም ወዳጆቹን ምሳ ጠርቶ ድስቱን ከአንዲት ሻማ በላይ ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል፤ በሕንድም የንጉሡ የአክባር አማካሪ ቢርባል፣ በብርድ ውሃ ውስጥ ቆሞ ላደረው ምስኪን ሲል የሩዝና የምስር ገንፎውን ከእሳቱ እጅግ ርቆ በተሰቀለ ማሰሮ ያበስላል። በእነዚህ ሁለት አገሮች ሙግቱ የሚረታው በዚያው በሙቀት ሕግ ነው፤ እሳት ከሩቅ ሰው ካሞቀ ድስትም ያፈላል የሚለው ክርክር ቀጥተኛ ነው። የኢትዮጵያው ተራኪ ግን ነገሩን ከምድጃው ወደ አፍንጫው አዛወረው።

ይህ ለውጥ ለአመክንዮው ጉዳት፣ ለታሪኩ ግን ጥቅም ነው። ጉዳቱ፣ ሽታና የእሳት ብርሃን አንድ አለመሆናቸው ነው፤ ከማዶው እሳት ወደ አርሃ የደረሰው ጨረር ብቻ ሲሆን፣ በኃይሉ አዳራሽ የተቀመጡት እንግዶች ግን ከድስቱ ውስጥ ተነሥቶ በእንፋሎት የመጣ የምግቡን ብናኝ በእውነት ወደ ውስጣቸው አስገብተዋል። በዚያ ላይ እሳቱ ብርድን ሲያስረሳ ሽታው ረሃብን ያብሳል። ጥልቀት ያለው የሕግ ሰው የነጋዴው ጠበቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ልዩነት አንሥቶ የኃይሉን ማስረጃ ውድቅ ያስደርግ ነበር፤ እንዳያደርግ የከለከለው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን፣ ሽንኩርቱ ለሰዓታት በድስት ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲወርድበት፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ንጥር ቅቤ ሲፈስበት የሚወጣው ሽታ ነው፤ በዚያ ፊት ስለ ብናኝና ስለ ጨረር ልዩነት የሚከራከር ጠበቃ በኢትዮጵያ ምድር አይገኝም።

የኃይሉ ወጥመድ የተሠራው ደግሞ ከሽታው ይልቅ በይሉኝታ፣ ማለትም ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራስን በመግዛት ላይ ነው። በአገሩ ሥርዓት እንግዳ ምግብ ዘገየ ብሎ አይጠይቅም፤ ቢርበውም ጠግቤ መጣሁ ይላል፣ እስኪለመንና በአምላክ ስም እስኪገዘት ድረስም እጁን አይዘረጋም። ኃይሉ የጠራቸው ሹማምንትና ባለጠጎች በዚህ ሥርዓት ከማንም በላይ የታሰሩ ስለነበሩ፣ ጥያቄውን የሚያነሣ እስኪገኝ ድረስ ዘለግ ያለ ጊዜ ማለፉ የማይቀር ነው፤ ሆጃ ወይም ቢርባል በእንግድነት ተጠርተው ቢሆን ኖሮ ገና ግብሩ ሳይጀመር ወደ ማድ ቤት ገብተው ጉዱን ያዩ ነበር። ተረቱ ቀኑን ባይጠቅስም ከፍስክ ቀን ሌላ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው፤ በሑዳዴ ቢሆን ዳኛው ሽታውን እንደ ፈተና ቆጥሮ ሲጸልይ ያመሽ ነበር፣ ፍርዱም እንደጸና ይቀር ነበር።

ሽታን እንደ ምግብ የመቁጠሩ ጉዳይም ቢሆን የረጅም ጊዜ የዳኝነት ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ራብሌ እ.ኤ.አ. በ1546 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከጥብስ ቤት ፊት ለፊት ቆሞ ደረቅ ዳቦውን በጥብሱ ጢስ ያጣጣመ አንድ ተሸካሚ ባለቤቱ ዋጋ ሲጠይቀው፣ ዳኛ የሆነው ሞኝ የጢሱ ዋጋ በሳንቲሙ ድምፅ ተከፍሏል ብሎ ሲበይን ይገኛል። በኢትዮጵያም ራሱ የተረት ልማድ ለአፍ ሥራ በአፍ እንጂ በሽታ መክፈልን አያውቅም፤ ተረት የሚነገረው ከእራት በኋላ በምድጃው ዙሪያ ሲሆን፣ ተራኪው ሲጨርስ አፉን በዳቦ እንዲያብሱለት ይጠይቃል፣ ይህም ከቀልድነቱ ባሻገር የደመወዝ ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን የተረቱ ትልቁ የሒሳብ ጉድለት ሳይነካ ይቀራል፤ እሱም የማገዶው ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ጌታው እንጨት አምጣ ሲል፣ የሚጠነክረውም ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ እንጨት ሲማግዱ ሆኖ ሳለ፣ ፍርዱ በሚታረምበት ጊዜ ስለ እንጨቱ አንድ ቃል የተናገረ ሰው የለም። ከላይ የተገመተው 20 ኪሎ ዋት እሳት ለ12 ሰዓት እንዲነድ ከ55 ኪሎ ግራም የማያንስ ደረቅ እንጨት ይፈልጋል። ይህም በአዲስ አበባ ታሪክ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በ1880ዎቹ በከተማዋ ዙሪያ የነበረው ደን ተመንጥሮ ስላለቀ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር፣ እቅዱን ያስቀረውም ከአውስትራሊያ ዘሩ የመጣውና በጥቂት ዓመት ለመቆረጥ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ነው። ዋና ከተማን ከነመንግሥቱ ሊያስነቅል የደረሰን ዕቃ አንድ ድኻ ሽማግሌ በአንድ ሌሊት 55 ኪሎ ግራም ሲያነዱ ማየት የተረቱ ከሁሉ የሚበልጥ ልግስና ሲሆን፣ ተራኪው ግን ልግስናውን ሁሉ ለኃይሉ ግብር ሰጥቶታል፤ ኃይሉ ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ለማንም አንዲት ጉርሻ አስቀድሞ አልሰጠም።

ክብደቱ በሰው ጀርባ ሲለካ የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ባሕር ዛፉ ከተስፋፋ ጀምሮ ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ኮተቤ የሚወርዱት ሴቶች፣ ከ30 ኪሎ ግራም የሚያልፍ ሸክም በገመድ ደረታቸው ላይ አስረው፣ ወገባቸውን ወደ ፊት አጥፈው ይወርዳሉ፤ እሥሩ ከተሸካሚዋ ቁመት ስለሚረዝምና በጠባቡ መንገድ ላይ በአግድም ስለሚተኛ፣ መኪና ሲመጣ ዞር ብለው በጎን መቆም ግድ ይሆንባቸዋል። የአርሃ እሳት በዚህ መለኪያ ሁለት ሴቶች የሚወርዱበት ሙሉ የአንድ ቀን ሸክም ነው፤ ያውም ወደ ታች ሳይሆን ወደ ዐለቱ ጫፍ፣ ሽቅብ የወጣ።

ሽማግሌው የእንጨቱን ዋጋ ይጠይቁ ቢባል ተከሳሹን መለየት ራሱ ሌላ ሙግት ያስነሣል። ነጋዴው በእሳቱ ተጎዳ እንጂ አልተጠቀመም፤ ኃይሉ ከእሳቱ ሌሊት አልነበረም፤ ዳኛው ደግሞ እሳቱ አሙቋል ብሎ በይኖ ስለነበረ ለሙቀቱ ዋጋ በምስክርነት ሊቀርብ ይችላል፣ የሻረው ግን ራሱ ነው። ስለዚህ በሰው ወጪ ያለ አግባብ በለጸገ ተብሎ ሊከሰስ የሚችለው 10 ኤከሩን የወሰደው አርሃ ብቻ ሲሆን፣ የእሱም ጠበቃ የመጀመሪያ መቃወሚያ በቁጥር 1845 የተመለከተው የ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም መብት ሳይጠየቅ ሲቆይ የሚታገድበት ጊዜ እንደሚሆን አያጠራጥርም። ይርጋ ግን የሚቆጠረው መብቱ ሊጠየቅ ከቻለበት ከታወቀ ቀን ጀምሮ ነው፤ ተረቱም እንደ ተረት ሁሉ ከዕለታት አንድ ቀን ከማለት ያለፈ ቀን ስላልመዘገበ፣ መቃወሚያው ውድቅ ይሆናል፣ የሽማግሌውም መዝገብ እንደተከፈተ ይቆያል።